ትንሽዬ ሰውዬ፦ «ማኒኪን» የሚለው ቃል ከየት መጣ?



ባለፈው ክረምት የስፌት ክፍላችን ከቁጠባችን ወጪ አድርጎ ከመርካቶ አንድ የልብስ መለኪያ አሻንጉሊት መግዛቱን ታስታውሳላችሁ። ራስ የለውም፣ እጅ የለውም፤ በአንድ የብረት እግር ላይ የቆመ ደረትና ዳሌ ብቻ ነው። በመጣ ቀን ስሙ ብዙ ነበር። አንዷ «አሻንጉሊቷ»፣ ሌላዋ «ሞዴሏ»፣ ከነጋዴው አፍ የሰማችው ደግሞ «ማኒኪኗ» ትለው ነበር። እኔም «ራስ ለሌላት ምን ስም ያስፈልጋታል?» ብዬ አስቄያችኋለሁ።

ሣቁ ብዙ አልቆየም። በመስከረም ለአንዲት ደንበኛችን የሐበሻ ቀሚስ ሰፋን። ልኳን በሜትር ወስደን ጽፈን ነበር። ነገር ግን ቀሚሱን ለመጨረስ አሻንጉሊቷን ስናለብሳት እጅግ አማረባት። ወገቡን ትንሽ ብናጠብበው ይበልጥ እንደሚያምር ታየንና በእርሷ ልክ አጠበብነው። ደንበኛችን መጥታ ስትሞክረው ዚፑ ከወገቧ በላይ አልወጣ አለ። ሴትዮዋ የሦስት ልጆች እናት ናት። ትቆጣናለች ብለን ስንሸማቀቅ እርሷ አንገቷን ደፍታ «ይቅርታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ወፍሬያለሁ» አለችን።

ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም። የወሰድነው ልክ በደብተራችን ላይ ተጽፎ ነበር፤ እርሷም ከዚያ ልክ አንዲት ጣት አልጨመረችም። ጥፋቱ በእውነተኛዋ ሴት ፋንታ አሻንጉሊቷን ያመንን የእኛ ነው። ቀሚሱን ፈትተን እንደገና ሰፋነው፤ ያቺ «ይቅርታ» ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለች። በዚያው ሳምንት ከወጣት አባሎቻችን አንዷ «እማማ፣ ለመሆኑ ማኒኪን ማለት ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሠላሳ ዓመት ታሪክ ያስተማረች ሴት እንዲህ ያለውን ጥያቄ አታልፈውም። መልሱ ግን ከሻይ ሰዓት ወሬ በለጠብኝና በዚህ ጽሑፍ ላቀርበው ወሰንኩ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቃሉ

«ማኒኪን» የተወለደው ዛሬ ሆላንድና ቤልጂግ በምንላቸው አገሮች፣ በሆላንድኛ ቋንቋ ነው። በዚያ ቋንቋ «ማን» ማለት ሰው፣ በተለይም ወንድ ማለት ነው። ከቃል መጨረሻ የምትለጠፍ «ከን» የምትባል ቅጥያ ደግሞ አለቻቸው፤ እኛ «ትንሽዬ» እንደምንለው ነገሩን ታሳንሰዋለች። ሁለቱ ሲገጥሙ «ማነከን» ይሆናል፤ ትንሽዬ ሰውዬ ማለት ነው። ብራስልስን ያየ ሰው ሽንቱን የሚሸናውን የነሐስ ሕፃን ሐውልት ሳያይ አይመለስም። በ1619 የተሠራው ይህ ሐውልት ዛሬም የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው።

ፈረንሳዮች ቃሉን ከጎረቤቶቻቸው ወስደው በራሳቸው አፍ አለዘቡት፤ እንግሊዞችም ከእነርሱ ተቀበሉ። እንግሊዞች እንዲያውም በሁለት ዓይነት አጻጻፍ ይዘውታል፤ በአንደኛው የልብስ ሱቁን፣ በሌላው የሕክምና ትምህርት ቤቱን አሻንጉሊት ይጠሩበታል። በፈረንሳይኛ እንደ እኛው ሁሉ ቃላት ወንድና ሴት አላቸው። «ማኒኪን» እዚያ የወንድ ቃል ነው። ትርጉሙ ልብስ የምታሳይ ሴት ከሆነ በኋላም ሰዋስዉ ወንድ ሆኖ ቀረ። ሴቲቱ ቆማ ሳለች ቃሉ «እርሱ» ይላታል።

ፈረንሳይኛ በድምፅ ከዚህ የማይለይ ሌላ ቃልም አለው። እርሱም ከሆላንድኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ትንሽ ቅርጫት ነው። ሁለቱ ቃላት ዘመድ አይደሉም፤ ነገር ግን የቀድሞ ልብስ ሰፊዎች መለኪያቸውን እንደ ቅርጫት ከቀጭን ጭራሮ ይጎነጉኑት ስለነበር ዕጣቸው ተገናኘ።

የመጀመሪያው ሥራ

መጀመሪያ በዚህ ቃል የተጠራው የሠዓሊዎች መሣሪያ ነበር። አንድ ሠዓሊ የአንዲት ቅድስት ቀሚስ ሲወርድ፣ ሲታጠፍ፣ ጥላ ሲጥል ለመሣል ቀናት ይፈጅበታል። ሕያው ሰው ይደክመዋል፤ ሲተነፍስ እንኳ የልብሱ እጥፋት ይለዋወጣል። ስለዚህ ክርኑና ጉልበቱ የሚታጠፍ የእንጨት ሰው ሠርተው ያለብሱት ጀመር። የጣሊያን ሠዓሊዎችን ታሪክ የጻፈው ቫዛሪ፣ በ1517 የሞተው የፍሎረንሱ መነኩሴ ሠዓሊ ፍራ ባርቶሎሜዮ በቁመቱ ሰው የሚያህል ባለ መገጣጠሚያ የእንጨት ሰው እንደነበረው ይናገራል። እንግዲህ የመጀመሪያው ማኒኪን ሰው እንዲያርፍ ተብሎ የቆመ እንጨት ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ነገሩ ራሱ ከቃሉ እጅግ ይቀድማል። በ1922 የግብፁ ንጉሥ የቱታንካሙን መቃብር ሲከፈት፣ ከዕቃዎቹ መካከል እጅ የሌለው፣ ከወገቡ በታች የተቆረጠ፣ ፊቱ የንጉሡን የሚመስል ቀለም የተቀባ የእንጨት ምስል ተገኘ። መቃብሩን ያገኘው ሃዋርድ ካርተር ምናልባት የንጉሡን ልብስ ወይም የአንገት ጌጥ ለመለካት ያገለግል ነበር ብሎ ገመተ። ግምቱ ትክክል ከሆነ፣ ንጉሥ በልብስ ሰፊ ፊት ቆሞ እንዳይደክም የሚቆምለት ምስል ከ3,300 ዓመት በፊትም ነበር ማለት ነው።

የአዋላጇ አሻንጉሊት

አሁን ከልብስ ለጊዜው እንውጣ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የምወዳት ሴት ልብስ ሰፊ አይደለችምና።

አንጀሊክ ዱ ኩድሬ በ18ኛው መቶ ዘመን የኖረች ፈረንሳዊት አዋላጅ ናት። በፓሪስ ሙያውን ተምራ ፈቃድ ካገኘች በኋላ ወደ ገጠር ስትወጣ ያየችው ነገር አሳዘናት። ሴቶች በምጥ ይሞታሉ፣ ሕፃናት ሲወለዱ ይሰበራሉ፤ የሚያዋልዱት የመንደር ሴቶች ልባቸው ቅን ቢሆንም ያስተማራቸው የለም። ማንበብ ለማይችሉ መጽሐፍ ቢሰጣቸው አይጠቅምም። ምጥ በያዛት ሴት ላይ መለማመድ ደግሞ ነውርም ግፍም ነው። ምን ታድርግ?

መርፌና ክር አነሣች። ከጨርቅ፣ ከቆዳና ከጥጥ ቁመቱ የሰው ያህል የሆነ የሴት ዳሌና ሆድ ሰፋች። በአንዳንዶቹ ውስጥ እውነተኛ የዳሌ አጥንት አስገባች። ውኃና ደም የሚመስል ፈሳሽ የሚያፈልቁ ስፖንጆች አደረገችባቸው። የጨርቅ ሕፃንም ሠራች፤ እትብት ያለው፣ አንገቱ የሚታጠፍ፣ አፉ የተከፈተ። አፉ የተከፈተው ያለ ምክንያት አይደለም። ሕፃኑ በእግሩ ሲመጣ አዋላጇ ጣቷን ወደ አፉ አስገብታ ጭንቅላቱን በለስላሳው ማውጣት እንድትለማመድ ነው። መንታም ነበራት። ሥራዋን «ማኒኪን» አላለችውም፤ «መሣሪያ» ነበር የምትለው።

በ1759 የማዋለጃ መጽሐፏን አሳተመች፤ በዚያው ዓመት ንጉሡ ሉዊ 15ኛ በመላው ፈረንሳይ እየተዘዋወረች እንድታስተምር ፈቃድ ሰጣት። ከሃያ ዓመት በላይ ከከተማ ከተማ ስትጓዝ በሺህ የሚቆጠሩ የገጠር ሴቶችን አስተማረች። ከመሣሪያዎቿ አንዱ ሩዋን በምትባል ከተማ ባለው የሕክምና ታሪክ ሙዚየም እስከ ዛሬ ይታያል። የተሰፋው በእጅ ነው፤ እኛ በየቀኑ በምንሠራው ስፌት።

ይህን ያነሣሁበት ምክንያት አለኝ። ከእኛው መካከል ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነርስ አለች። ገና ተማሪ ሳለች መጀመሪያ ያዋለደችው የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደነበረ ነግራናለች። «እጄ የተንቀጠቀጠው በዚያ ላይ ስለሆነ በሰው ላይ አልተንቀጠቀጠም» አለች። የአዋላጇ አሻንጉሊት ሥራ ይኸው ነው፤ ሕያዋን እንዲተርፉ ስሕተቱን ይሸከማል።

የዚሁ ዘመድ የሆነ ሌላም አለ። በ1960 ኦስሙንድ ላርዳል የተባለ ኖርዌያዊ የአሻንጉሊት ነጋዴ፣ ትንፋሹ የቆመን ሰው በአፍ ትንፋሽ ማዳን የሚለማመዱበት ሰው የሚያህል አሻንጉሊት ሠራ። ፊቷን የወሰደው በፓሪስ ሲሸጥ ከኖረ የጄሶ ጭንብል ነው። ጭንብሉ በሴን ወንዝ ሰጥማ የተገኘች፣ ማንነቷ ያልታወቀ የአንዲት ልጃገረድ ፊት ነው ተብሎ ይነገር ነበር። ላርዳል «አን» አላት። በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ሰዎች በዚያች ፊት ላይ ትንፋሽ መስጠትን ተምረዋል። የልጅቷን የራሷን ስም ግን የሚያውቅ የለም።

ቃሉ ወደ ሕያዋን ሲሻገር

ወደ ልብስ እንመለስ። ፎቶግራፍ ባልነበረበት ዘመን የፓሪስ ልብስ ሰፊዎች አዲስ ፋሽን ለባዕድ አገር እመቤቶች የሚልኩት አሻንጉሊት አልብሰው ነበር። አሻንጉሊቷ ተጭና ትሄዳለች፤ እመቤቲቱ ታይና ለራሷ ታሰፋለች። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ የተለወጠውም በአንዲት የሱቅ ሠራተኛ ትከሻ ላይ ነው።

ማሪ ቬርኔ ትባላለች። በፓሪስ በሚገኝ የጨርቅ መደብር ሻጭ ነበረች። በዚያው መደብር ቻርልስ ፍሬድሪክ ወርዝ የሚባል እንግሊዛዊ ወጣት ይሠራ ነበር። ሻርፕ ሲሸጥ በማሪ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ ለደንበኞች ያሳይ ጀመር። ሻርፑ ጎልቶ እንዲታይም ከሥር የምትለብሰውን ጌጥ ያልበዛበት ቀሚስ ራሱ ሰፋላት። ደንበኞቹ ሻርፑን ትተው «ያንን ቀሚስ ለኛም ስፋልን» አሉ። በ1851 ተጋቡ፤ በ1858 ወርዝ ከአንድ ሸሪክ ጋር የራሱን ቤት ከፈተ። በ1860 ማሪ የባሏን ንድፎች ይዛ በፓሪስ ወደ ነበረው የኦስትሪያ አምባሳደር ሚስት፣ ወደ ልዕልት ፓውሊነ ፎን ሜተርኒኽ ቤት ሄደች። ልዕልቲቱ አዘዘች፤ ቀሚሷን ያየችው የናፖሊዮን 3ኛ ሚስት ንግሥት ዩጂኒም ጠየቀች፤ የወርዝ ቤት ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ አላለም። ዛሬ ወርዝ የከፍተኛ ስፌት አባት ይባላል። ማሪ ሻጭ ነበረች፣ አሳይታለች፣ በር አንኳኩታለች፤ ታሪክ የሚያስታውሳት ግን ይበልጡን «የመጀመሪያዋ ማኒኪን» እያለ ነው።

ወርዝ ልብስ ለማሳየት ሌሎች ሴቶችንም ቀጠረ፤ ሌሎች ቤቶችም ተከተሉት። የእንጨቱ ስም የሴቶቹ ስም ሆነ። በአንዳንድ ቤቶች እነዚህ ሴቶች ከሚያሳዩት የእራት ቀሚስ ሥር ከአንገት እስከ እግር የሚሸፍን ጥቁር ልብስ ይለብሱ ነበር፤ የሌላ ሰው ልብስ ማንጠልጠያ እንጂ የራሳቸው ገላ ያላቸው እንዳይመስሉ። ሉሲል በሚለው የንግድ ስሟ የታወቀችው የለንደን ልብስ ሰፊ ሌዲ ደፍ ጎርደን ይህን ልማድ ሻረች። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ መድረክ አዘጋጅታ፣ ሙዚቃ አሰምታ፣ እንግዶች ጠርታ ልብሷን በሴቶች ታሳይ ጀመር። ነገር ግን እርሷም የሴቶቹን ስም ለወጠች። ካትሊን ሮዝ የምትባለው ወጣት «ዶሎሬስ» ተባለች። ስሙ ለመድረክ ያምራል፤ ሰዉ የሚያውቀው ግን ዶሎሬስን እንጂ ካትሊንን አይደለም።

የዚህን ተቃራኒ ደግሞ ስሙ። በ1930ዎቹ ኒው ዮርክ ውስጥ ሌስተር ጋባ የተባለ የሱቅ አሻንጉሊት ሠሪ አንዲት የጄሶ ሴት ሠርቶ «ሲንቲያ» አላት። ሬስቶራንትና ቲያትር ይዟት ይገባ ነበር፤ ትልልቅ ቤቶች ልብስና ጌጥ ይልኩላት ነበር፤ በ1937 ላይፍ መጽሔት ፎቶዋን አወጣ። ሕያዋኑ ስማቸውን ባጡበት ሙያ ጄሶዋ ስም አወጣች።

መስታወቱና ቅርጫቱ

በዚያው በ19ኛው መቶ ዘመን ሁለት ነገሮች አብረው አደጉ። አንደኛው እኛ የገዛነው ዓይነት፣ ራስና እጅ የሌለው የሰፊ መለኪያ ነው። ከ1867 ጀምሮ ይህን በመሥራት የታወቀው የፓሪሱ የስቶክማን ቤት ነው፤ በስፌት ሙያ ውስጥ መለኪያውን ራሱን «ስቶክማን» የሚሉም አሉ። ሁለተኛው የሱቅ መስታወት አሻንጉሊት ነው። ትልልቅ መስታወትና የኤሌክትሪክ መብራት ሲመጡ ነጋዴዎች ለመንገደኛ የሚያሳዩት ሰው አስፈለጋቸው። መጀመሪያ ከሰም ሠሯቸው፤ የመስታወት ዓይን፣ እውነተኛ የሰው ፀጉር ነበራቸው። ክብደታቸው ብዙ ነው፤ ሙቀት ሲበረታ ፊታቸው ይቀልጣል። በኋላ ጄሶ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ፋይበር ግላስና ፕላስቲክ ተተኩ።

ከጭራሮ ስለሚጎነጎነው መለኪያ አናቶል ፍራንስ በ1897 ያሳተመው ልብ ወለድ አለ፤ ርዕሱም በእርሱ ስም ነው። ባልየው መምህር ነው፤ የሚስቱ የልብስ መለኪያ የሥራ ክፍሉን እያጣበበ ያበሳጨዋል። ሚስቱ ከሌላ ሰው ጋር መሆኗን ባወቀ ቀን እርሷን አልነካም፤ መለኪያዋን ረግጦ ሰባብሮ በመስኮት ወደ ግቢው ወረወረው። ተማሪ ሳለሁ ይህን ስሰማ ስቄያለሁ፤ ዛሬ አልስቅም። በማኅበራችን ቤት በር ስንት የተመታች ሴት ገብታለች! ንዴት የያዘው ሰው ሴትን እንደ ዕቃ ከቆጠረ፣ ዕቃውን ከመስበር እርሷን ወደ መስበር ያለው መንገድ አጭር ነው።

ልካችን

አሁን ደንበኛችን ወደ ጠየቀችን ይቅርታ ልመለስ። በ1992 ሚና ሪንታላና ፔርቲ ሙስታዮኪ የተባሉ ሁለት የፊንላንድ ተመራማሪዎች በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጡ። ያደረጉት እኛ በየቀኑ የምናደርገውን ነው፤ ሜትር ይዘው ለኩ። የለኩት ግን ሰው ሳይሆን የተለያየ ዘመን የሱቅ አሻንጉሊቶችን ነው፤ ዳሌያቸውን፣ ጭናቸውን፣ ክንዳቸውን። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩት ሰውነታቸው የጤነኛ ሴት ሆኖ አገኙት። ከ1950ዎቹ ወዲህ የተሠሩት ግን እየቀጠኑ ሄደዋል። የዘመኑን አሻንጉሊት ቅርጽ የያዘች ሕያው ሴት ብትኖር በሰውነቷ ያለው ስብ እጅግ ከማነሱ የተነሣ የወር አበባ ላታይ ትችላለች ብለው ደመደሙ።

እኅቶቼ፣ ይህን ደግማችሁ አንብቡት። በየሱቁ መስታወት ቆማ «እንዲህ ሁኚ» የምትለን ሴት ልጅ መውለድ የማትችል ልትሆን ትችላለች። እኛ ደግሞ ሦስት የወለደችው ደንበኛችን በእርሷ ፊት ይቅርታ ስትጠይቅ ቆመን አየን።

ቋንቋችን ስለዚህ ጉዳይ የሚያስተምረን አለ። እኛ «አሻንጉሊት» የምንለውን ለልጅ መጫወቻም፣ ለሱቅ ምስልም፣ የራሱ ሐሳብ ለሌለው ሰውም እናውለዋለን። በሌላ ኃይል የሚታዘዘውን መንግሥት «አሻንጉሊት መንግሥት» ስንል ኖረናል። ፈረንሳዮችም በድሮ አነጋገራቸው የራሱ ጠባይ የሌለውን፣ ሌላው እንዳሻው የሚያደርገውን ሰው «ማኒኪን» ይሉታል። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ አንድ ቦታ ደረሱ፤ ሌላ ሰው የሚያለብሰው፣ ሌላ ሰው የሚያቆመው፣ የማይናገር።

«ሞዴል» የሚለውንስ? ቃሉ ከላቲን ነው፤ ሥሩ ትንሽ መለኪያ ማለት ነው። እኛም ቤት ለቤት ሲዞሩ «ሞዴል ቤተሰብ» ሲባል ሰምተናል፤ ሌላው የሚለካበት ማለት ነው። ወደ ራሳችን ቃል ስንመጣ «ልክ» እንላለን። «ልክ» ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው ልብስ ሰፊ በሜትር የሚወስደው ነው፤ ሁለተኛው ትክክል ማለት ነው። አባቶችና እናቶች ሁለቱን በአንድ ቃል ያስቀመጡት፣ ትክክል የሚባለው በመጠኑ የሆነ ነገር ስለሆነ ይመስለኛል። ነገር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አሻንጉሊቷ «ልክ» ከሆነች ሴቲቱ ስሕተት ትሆናለች። ሴቲቱ «ልክ» ከሆነች ግን የሚታረመው ቀሚሱ ነው።

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን አሁን ልመልስ። የሠዓሊው እንጨት ሰው እንዲያርፍ የቆመ ነበር። የአዋላጇ ጨርቅ ሴት እንዳትሞት የተሰፋ ነበር። የንጉሡ ምስል ንጉሡን እንዲመስል ተሠራ እንጂ ንጉሡ ምስሉን እንዲመስል አልተጠየቀም። አሻንጉሊት ሰውን ሲከተል በረከት ነው፤ ሰው አሻንጉሊትን እንዲከተል ሲታዘዝ ነው ነገሩ የተገለበጠው።

ስለ ልጆቻችን

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ ይህም ለእናቶች ነው። ከአባሎቻችን የአንዷ ልጅ ዘንድሮ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ለአንድ የባህል ልብስ ሱቅ ልብስ እየለበሰች ፎቶ ትነሣለች። ቁመናዋ ያማረ፣ ጨዋ ልጅ ናት። ከጠዋት እስከ ማታ ቆማ ሃያና ሠላሳ ልብስ ትቀያይራለች። ክፍያዋ «ለታክሲ» የሚባል ነው፤ ውል የላትም፤ ፎቶዋ የት እንደሚለጠፍ አትጠየቅም፤ በፎቶው ሥር የሱቁ ስም እንጂ የእርሷ የለም። እናቷ «መቆም ብቻ ነው፣ ምን ሥራ አለው?» ስትል ሰምቻታለሁ። እማዬ፣ መቆም ሥራ ነው። ሥራ ባይሆን ኖሮ ሠዓሊዎቹ በሰው ፋንታ እንጨት ባላቆሙ ነበር!

ቃሉን ለዓለም ያሰራጨችው ፈረንሳይ ይህን በሕግ ለመጻፍ ረጅም ጊዜ ወስዶባታል። በታኅሣሥ 1969 የወጣ ሕግ የቲያትርና የሙዚቃ ሰዎችንና ማኒኪኖችን ጉዳይ ሲደነግግ፣ ገንዘብ ከፍሎ ማኒኪን የሚያሠራ ሁሉ አሠሪዋ እንደሆነ ይገመታል አለ። ስለዚህ እርሷ ሠራተኛ ናት፤ ሠራተኛ ካላት መብት ትካፈላለች። በ2017 ደግሞ ማኒኪኖች ለሥራው ጤነኛ መሆናቸውን የሚያሳይ የሐኪም ማስረጃ እንዲኖራቸው፣ የሰውነት ቅርጽ በኮምፒውተር ተቀይሮ የወጣ የማስታወቂያ ፎቶም «የተነካካ ፎቶ» የሚል እንዲጻፍበት ታዘዘ። ሉሲል ስማቸውን ከቀየረችባቸው ልጃገረዶች እስከዚያ ድረስ ብዙ ዓመት አልፏል። እኛ ያን ያህል መጠበቅ የለብንም። በማኅበራችን አንዲት እኅት ሕግ የተማረች አለች፤ ለልጆቻችን አንድ ገጽ ውል ብታዘጋጅልን አይከብዳትም። የሰዓት ብዛት፣ ክፍያ፣ ፎቶው የት እንደሚውል፣ የልጅቷ ስም፤ አራት መስመር ይበቃል።

ለስፌት ክፍላችን ያለኝ ሐሳብ

በመጨረሻ ወደ ራስ አልባዋ እንግዳችን ልመለስ። በገንዘባችን የገዛናት ስለሆነች እንድትጣል አልመክርም፤ ሥራዋን ግን እንቀይርላት። የፓሪስ ትልልቅ ስፌት ቤቶች ከቀድሞ ጀምሮ የሚያደርጉት ነገር አለ። ለቋሚ ደንበኛቸው መለኪያውን በራሷ ልክ በጥጥና በጨርቅ እየደለደሉ፣ ዳሌ በሚያስፈልገው ላይ ዳሌ፣ ሆድ በሚያስፈልገው ላይ ሆድ እየጨመሩ፣ ስሟን ይጽፉበታል። ሴቲቱ ወፍራ ከሆነ ጥጥ ይጨምራሉ፤ ከስታ ከሆነ ይቀንሳሉ። ይቅርታ የሚጠይቅ የለም።

እኛም እንችላለን። አሻንጉሊታችን ቀጭን መሆኗ እንዲያውም ለዚህ ጠቀመን፤ መቀነስ አይቻልም እንጂ መጨመር ቀላል ነው። የጥጥ ድልድሉ የሚያርፍበት፣ ከፊት በቁልፍ የሚዘጋ ከአቡጀዲ የተሰፋ ሽፋን ለእያንዳንዷ ቋሚ ደንበኛ እናዘጋጅ። በደብተር የጻፍነውን ልክ በሽፋኑ ላይ በሜትር እናረጋግጥ። በአንገቱ ውስጠኛ በኩል የደንበኛዋን ስም በመርፌ እንጥለፍ። የመጀመሪያውን እኔ ባለፈው ሳምንት ጨርሻለሁ። ሆዱ ላይ ትንሽ ጥጥ ጨምሬያለሁ፤ የሦስት ልጆች እናት ሆድ ነው፤ ስሟም ተጠልፎበታል። ቀሚሷን አለበስነው፤ ዚፑ ያለ ጭንቅ ተዘጋ።

ለጠየቀችኝ ልጄ መልሴ ይኸው ነው። ማኒኪን ማለት ትንሽዬ ሰውዬ ማለት ነው። ትንሽ ሆኖ እስከ ቆየና ሥራችንን እስካገዘን ድረስ ከእኛ ጋር ይኑር። የሴቶችን ስምና ልክ ልውሰድ ሲል ግን እንደ ሰፊነታችን ፈትተን እንደገና እንሰፋዋለን።

ቸር ያገናኘን።